ባለ 6 አሃዝ የመግቢያ ኮድ፦ ከሰዓቱ ይልቅ ቆጣሪውን አጥብቁ

ስልክ ቁጥር ወይም ኢሜይል መቀበል፣ ባለ 6 አሃዝ ኮድ መላክ፣ ትክክለኛው ኮድ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከመጣ ማስገባት። ያለ ይለፍ ቃል የሚገባበት ዌብ መተግበሪያ ከሩቅ ሲታይ ሥራው ይኸው ነው፤ ለአንድ ጎበዝ ገንቢ የግማሽ ቀን ሥራ ይመስላል። በግማሽ ቀን የተሠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥበቃው አንድ ብቻ ነው፤ የኮዱ ጊዜ ማለፉ። ያ ደግሞ ከጥበቃዎቹ ሁሉ ደካማው ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 6 አሃዝ ማለት ከ000000 እስከ 999999 ድረስ 1,000,000 አማራጭ ነው። 10 ደቂቃ 600 ሰከንድ ነው። ሰርቨራችሁ የሙከራ ገደብ ከሌለው፣ በሰከንድ 100 ግምት የሚልክ አጥቂ ጊዜው ሳያልፍ 60,000 ኮድ ይሞክራል፤ የመግባት ዕድሉ 6 በመቶ ነው። በሰከንድ 1,000 ከላከ 60 በመቶ ይደርሳል። በአንድ ኮድ ላይ 5 ሙከራ ብቻ ከፈቀዳችሁ ግን ዕድሉ ከ200,000 አንድ ይሆናል፤ ኮዱ 5 ደቂቃም ቆየ 30 ደቂቃ ይህ ቁጥር አይለወጥም። ሰዓቱ የሚጠቅመው ኮዱ በሌላ ሰው እጅ ሲገባ፣ ማለትም ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲረሳ ወይም ኢሜይሉ በሰው ኮምፒውተር ላይ ክፍት ሲቀር ነው። ገማቹን የሚያስቆመው ቆጣሪው ነው።

በተግባር የታየም ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የደህንነት ተመራማሪ የኢንስታግራምን የይለፍ ቃል ማደሻ ፈተሸ። ኮዱ 6 አሃዝ፣ ዕድሜው 10 ደቂቃ ነበር፤ ገደብም ነበረው። ነገር ግን ሪኩዌስቶቹ (ወደ ሰርቨሩ የሚላኩት ሙከራዎች) በአንድ ቅጽበት ጎን ለጎን፣ ከብዙ አይፒ፣ ማለትም ከብዙ የኢንተርኔት አድራሻ፣ ሲመጡ ገደቡ አልያዛቸውም፤ ከ1,000 አይፒ 200,000 ሪኩዌስት ልኮ ሳይታገድ ቀረ። ሚሊዮኑን በሙሉ ለመሞከር 5,000 አይፒ እንደሚያስፈልግና የክላውድ ኪራዩ ወደ 150 ዶላር እንደሚሆን አሰላ። የኢንስታግራም ባለቤት ፌስቡክ ቀዳዳውን ደፍኖ 30,000 ዶላር ሸለመው። ስለዚህ ቆጣሪ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ምን እንደሚቆጥርና መቼ እንደሚቆጥር ነው ወሳኙ።

ምን ምን ይመዘገባል

ተጠቃሚው «ኮድ ላክልኝ» ሲል አንድ የመግቢያ ጥያቄ ይፈጠራል፤ በዳታቤዙ ውስጥ አንድ ረድፍ ነው። የሚይዘውም የማይገመት መለያ፣ ኮዱ የሚላክበት ስልክ ወይም ኢሜይል፣ የኮዱ ሃሽ (በቀጥታ ተመልሶ የማይነበብ የተቀየረ መልኩ)፣ የተፈጠረበትና የሚያበቃበት ሰዓት፣ የሙከራ ብዛት፣ እንዲሁም ኮዱ ጥቅም ላይ የዋለበት ሰዓት ነው፤ የመጨረሻው ዓምድ መጀመሪያ ባዶ ይሆናል። መለያው ቢያንስ 128 ቢት ያለው ራንደም ይሁን፤ 1፣ 2፣ 3 እያለ የሚሄድ ቁጥር አይሆንም። ይህ መለያ ወደ ብሮውዘሩ በኩኪ ይሄዳል፤ ኩኪው ኤችቲቲፒ ኦንሊ (የገጹ ጃቫስክሪፕት የማያነበው) እና ሴኪዩር (በተመሰጠረ መስመር ብቻ የሚሄድ) ይሁን። ኮዱም ያ ኩኪ ካለበት ብሮውዘር ሲመጣ ብቻ ይመረመራል። በዚህ መንገድ የተጠቃሚውን ስልክ አጮልቆ ኮዱን ያየ ሰው በራሱ ኮምፒውተር ሊገባበት አይችልም። ደውሎ «የመጣልህን ቁጥር ንገረኝ» የሚለውን አጭበርባሪ ግን አያስቆመውም፤ ጥያቄውን የጀመረው እሱ ስለሆነ ኩኪውም እሱ ጋ ነው።

ሌላ ትንሽ ቴብል ደግሞ በአካውንት ደረጃ ይቁጠር፤ ዛሬ ስንት ጊዜ ተሳሳተ፣ ሳይሳካ በተከታታይ ስንት ጊዜ ሞከረ፣ በዚህ ሰዓት ውስጥ ስንት ኮድ ተላከለት። ለምን ለብቻው እንደሚቀመጥ ወደ ታች ይመጣል።

ሰዓት ሁሉ በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ይቀመጥ፤ ጊዜው አለፈ አላለፈ የሚለውንም ዳታቤዙ በራሱ ሰዓት ይወስን። አዲስ አበባ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። አንዱ የፕሮግራሙ ክፍል በአገር ሰዓት፣ ሌላው በዩቲሲ ሲሠራ ኮዱ ወይ ሲፈጠር ጀምሮ ያለፈበት ይሆናል፣ ወይ 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይኖራል። የመጀመሪያው በዚያው ቀን ይታወቃል። ሁለተኛው ሁሉም ሰው እየገባ ስለሆነ ለወራት ማንም ልብ አይለውም።

ያረጁ ረድፎችን ሌሊት የሚያጸዳ ሥራ ይኑር፤ ከአንድ ቀን በላይ የቆየውን ቢያጠፋ ይበቃል። ጥበቃውን ግን በእሱ ላይ አታንጠልጥሉ። ይህ የሌሊት ሥራ (ክሮኑ) የቆመ ቀን ያረጁ ኮዶች መሥራት ከጀመሩ ነገሩ ከመነሻው ተሳስቷል ማለት ነው። ጊዜው የሚመረመረው ኮዱ በሚመጣበት ቅጽበት፣ በዚያው የዳታቤዝ ትዕዛዝ ውስጥ ነው።

ኮዱን ማውጣትና ማስቀመጥ

ኮዱ የሚወጣው ለምስጢር ከተሠራ የራንደም ምንጭ ነው። በፒኤችፒ ራንደም ኢንት፣ በፓይተን የሴክሬትስ ሞጁሉ ራንድቢሎው፣ በኖድ የክሪፕቶ ሞጁሉ ራንደም ኢንት። የጃቫስክሪፕቱ ማት ራንደም እና የፓይተን ተራው ራንደም ሞጁል ለጨዋታና ለስታቲስቲክስ እንጂ ለዚህ አይሆኑም፤ የወጡትን ቁጥሮች በበቂ መጠን ያየ ሰው ቀጣዮቹን ማስላት ይችላል።

ቁጥሩ ከ0 እስከ 999999 ይወጣና ከፊቱ በዜሮ ተሞልቶ ወደ 6 አሃዝ ጽሑፍ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ጽሑፍ ሆኖ ይቆያል እንጂ ተመልሶ ቁጥር አይሆንም። ከ10 ኮድ አንዱ በ0 ይጀምራል። አንድ ቦታ ላይ ቁጥር ከተደረገ 042917 የነበረው 42917 ይሆንና ከ10 ተጠቃሚ አንዱ «ትክክለኛውን ኮድ አስገብቼ እንቢ አለኝ» ይላል። እንደገና ሲያስልክ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በ0 ስለማይጀምር ይሠራለታል፤ ድጋፍ ሰጪውም «ኔትወርክ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። እንዲህ ዓይነቱ ብልሽት ሲተኛ ዓመት ይተኛል።

በዳታቤዙ ውስጥ ኮዱ ራሱ አይቀመጥም። በሻ 256 ሃሽ አድርጎ ማስቀመጥም ብቻውን ዋጋ የለውም፤ አማራጩ አንድ ሚሊዮን ብቻ ስለሆነ ተራ ላፕቶፕ ሁሉንም ሃሽ አድርጎ ለማወዳደር ጥቂት ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። ዳታቤዙን ማንበብ የቻለ ሰው ጊዜው ያላለፈውን ኮድ ወዲያው ያወጣዋል ማለት ነው። መፍትሔው ኤችማክ፣ ማለትም በምስጢር ቁልፍ የሚሠራ ሃሽ ነው፤ ከዳታቤዙ ውጭ በተቀመጠ የሰርቨር ቁልፍ፣ የጥያቄውን መለያና ኮዱን አንድ ላይ አድርጎ። መለያው የሚገባው ሁለት ሰዎች በአጋጣሚ አንድ ዓይነት ኮድ ሲደርሳቸው የሃሹ ዋጋ እንዳይመሳሰል፣ የአንዱም ሃሽ ወደ ሌላው ረድፍ ተገልብጦ እንዳይሠራ ነው።

ሎግ ደግሞ የተረሳው በር ነው። ኮዱ በዳታቤዝ ተደብቆ፣ የስህተት መከታተያው ሙሉውን ፎርም ከነኮዱ፣ የላኪው ሞጁል ደግሞ ሙሉውን መልእክት እየመዘገበ ከሆነ ምስጢሩ በሌላ በኩል ወጥቷል። የኮዱን መስክ ከሁሉም ሎግ ሸፍኑ።

የማረጋገጡ ቅደም ተከተል

ብዙዎች የሚጽፉት ይህንን ነው፤ ረድፉን አንብብ፣ ሙከራው ከ5 በታች መሆኑን እይ፣ ኮዱን አወዳድር፣ ከተሳሳተ ሙከራውን በ1 ጨምር። አንድ ሰው ብቻ ሲሞክረው ፍጹም ነው። 50 ሪኩዌስት በአንድ ቅጽበት ሲመጣ ግን ሃምሳዎቹም «ሙከራ 0» ብለው ያነባሉ፣ ሃምሳዎቹም ያወዳድራሉ፣ ከዚያ ሃምሳዎቹም 1 ብለው ይጽፋሉ። 50 ግምት ተሞክሮ ቆጣሪው ላይ ያለው 1 ነው።

ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፤ መጀመሪያ ቁጠሩ፣ ከዚያ አወዳድሩ። አንድ የአፕዴት ትዕዛዝ ሙከራውን በ1 ይጨምር፤ ሁኔታዎቹም በዚያው ትዕዛዝ ውስጥ ይሁኑ፦ መለያው ይህ ከሆነ፣ ኮዱ ገና ካልተሠራበት፣ የሚያበቃበት ሰዓት ካሁኑ ሰዓት በኋላ ከሆነ፣ ሙከራው ከ5 በታች ከሆነ። ፖስትግሬስ ላይ ሪተርኒንግ ብትጨምሩ ሃሹን በዚያው ይመልስላችኋል፤ ማይኤስኪውኤል ላይ የተነካውን ረድፍ ብዛት አይታችሁ ቀጥሎ ታነባላችሁ። የተነካው ረድፍ 0 ከሆነ ነገሩ እዚያው አለቀ፤ ኮዱን ማወዳደር እንኳ አያስፈልግም።

1 ከሆነ የመጣውን ኮድ ኤችማክ አድርጋችሁ ከተቀመጠው ጋር አወዳድሩ፤ ልዩነቱ የትም ቦታ ቢሆን የሚፈጀው ጊዜ በማይለወጥ ማወዳደሪያ፣ በፒኤችፒ ሃሽ ኢኳልስ፣ በፓይተን ኮምፔር ዳይጀስት፣ በኖድ ታይሚንግ ሴፍ ኢኳል። ከተስማማ ሁለተኛ አፕዴት፦ ጥቅም ላይ የዋለበትን ሰዓት አሁን አድርግ፣ እስካሁን ባዶ ከሆነ። ይህም 1 ረድፍ ሲነካ ብቻ ተጠቃሚው ይገባል። ሁለት ሪኩዌስት ትክክለኛውን ኮድ ይዘው እኩል ቢደርሱ አንዱ ብቻ ያልፋል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ የፕሮግራሙን ጽሑፍ በማንበብ ብቻ አይታይም። አንዳንድ ፍሬምወርክ ሪኩዌስቱን በሙሉ በአንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም የሚጻፍ ወይ ሁሉም የሚሰረዝ የዳታቤዝ ሥራ) ይጠቀልላል፤ በጃንጎ አቶሚክ ሪኩዌስትስ የሚባለው ሴቲንግ ሲበራ እንደዚያ ነው። የተሳሳተ ኮድ ሲመጣ ስህተቱን በኤክሴፕሽን ከወረወራችሁት ትራንዛክሽኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቆጣሪው የጨመረውም 1 አብሮ ይሰረዛል። በስክሪኑ ላይ «ኮዱ ትክክል አይደለም» ይላል፣ በቴብሉ ላይ ሙከራው ሁልጊዜ 0 ነው። ቆጠራው በራሱ ትራንዛክሽን ተጽፎ ካበቃ በኋላ ነው ማወዳደር የሚጀመረው።

ቆጣሪውን በሬዲስ፣ በሜሞሪ ውስጥ በሚሠራው ዳታቤዝ፣ የምታስቀምጡ ከሆነ ሌሎች ሦስት ነገሮች አሉ። ቁጥሩን ጨምራችሁ ዕድሜውን በሌላ ትዕዛዝ የምትሰጡ ከሆነ፣ በሁለቱ መካከል ፕሮሰሱ ቢወድቅ ዕድሜ የሌለው ቆጣሪ ይቀራል፤ ያ ተጠቃሚ ለዘለዓለም ታገደ። ሁለቱን በአንድ የሉዋ ስክሪፕት አድርጉ። ኮዱን አንብቦ ማጥፋትም እንዲሁ በአንድ ትዕዛዝ ይሁን፤ ከሬዲስ 6.2 ጀምሮ ጌትዴል የሚባል ትዕዛዝ አለ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው፤ ሬዲሱ ለካሽም (ለጊዜያዊ ማከማቻ) የሚያገለግልና ሜሞሪው ሲሞላ ማንኛውንም ቁልፍ እንዲጥል የተዋቀረ ከሆነ ቆጣሪዎቻችሁንም ይጥላል። ካሹንና ቆጣሪውን ለያዩ።

ተጠቃሚው ከገባ በኋላ የሴሽኑ፣ ማለትም ገብቶ የሚቆይበት ቆይታ፣ መለያ አዲስ ይሁን፤ ከመግባቱ በፊት የነበረውን አታስቀጥሉ። የሴሽኑ ዕድሜና የኮዱ ዕድሜ ደግሞ የተለያዩ ናቸው። ሴሽኑ 30 ቀን ቢቆይ ሰውን በየቀኑ ኮድ ከማስጠበቅ ይሻላል፤ የኤስኤምኤሱን ወጪም ይቀንሳል።

«እንደገና ላክ» የሚለው ቁልፍ

ቆጣሪው በኮዱ ላይ ብቻ ሲሆን ይህ ቁልፍ ቆጣሪውን ያድሰዋል። አጥቂው 5 ይሞክራል፣ አዲስ ያስልካል፣ ሌላ 5 ይሞክራል። በሰዓት 5 ኮድ ብቻ ብትፈቅዱ እንኳ በሰዓት 25፣ በቀን 600፣ በዓመት 219,000 ግምት ነው። በዓመት ውስጥ አንዴ የመግባት ዕድሉ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል፤ ያውም በአንድ አካውንት ላይ፣ ያለ ምንም ጥድፊያ። የአካውንት ቆጣሪ ለብቻው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አዲስ ኮድ ሲወጣ አይታደስም፤ የተከታታዩ ስህተት ቆጣሪ የሚታደሰው ተጠቃሚው በትክክል ሲገባ ብቻ ነው።

የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኒስት፣ በ800-63ቢ ሰነዱ ለእንዲህ ዓይነት ኮድ ዕድሜውን ከ10 ደቂቃ፣ ተከታታይ ስህተቱን ከ100 እንዳይበልጥ ይወስናል። 100 ጣሪያ ነው፤ ዕድሉን ከ10,000 አንድ ያደርገዋል። ለተለመደ መተግበሪያ በቀን 15 ስህተት፣ ያለ ስኬት በጠቅላላ 50 ብታደርጉ እውነተኛ ተጠቃሚን አያስቸግርም። 50 ሲሞላ በሌላ መንገድ ይረጋገጥ።

ይህ የራሱ ጣጣ አለው። የአንድን ሰው ስልክ ቁጥር የሚያውቅ ተንኮለኛ ሆን ብሎ እየተሳሳተ ሊያዘጋበት ይችላል። የሚያቃልለው የታወቀ መሣሪያ ነው፤ ከዚህ በፊት በትክክል ለገባ ብሮውዘር ረጅም ዕድሜ ያለው የተፈረመ ኩኪ ስጡትና የራሱ የተለየ ቆጣሪ ይኑረው። ከማይታወቅ ብሮውዘር የመጣው ስህተት የታወቀውን አይዘጋውም። የተከፈቱ ሴሽኖችም በመዘጋቱ ምክንያት አይቋረጡ።

በአይፒ መቁጠር ሁለተኛ መስመር ይሁን እንጂ ዋናው አይሁን። በሞባይል ኔትወርክ ብዙ ሺህ ሰው ከአንድ አይፒ ሊታይ ይችላል፤ ለአንድ አይፒ በሰዓት 10 ብላችሁ ብትዘጉ የምትዘጉት ደንበኞቻችሁን ነው። አጥቂው ግን ከላይ እንዳየነው አይፒ ይከራያል።

ሌላው የዚህ ቁልፍ ችግር የተጠቃሚው ነው። ኤስኤምኤስ ይዘገያል። ሰውየው 40 ሰከንድ ጠብቆ እንደገና ይጫናል፤ ከዚያ ሁለቱም ተከታትለው ይደርሳሉ፣ አንዳንዴም የኋለኛው ቀድሞ። አሮጌውን ያስገባል፣ ተሳስተሃል ይባላል፣ ሦስተኛ ያስልካል። ብዙ መመሪያ «አዲሱ ሲወጣ አሮጌው ይሙት» ይላል፤ የአካውንት ቆጣሪው በትክክል ካለ ግን ይህ ጥብቅነት ብዙም አይጨምርም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ኮዶች እያንዳንዳቸው ጊዜያቸው እስኪያልፍ ተቀበሉ፤ ሙከራው ግን ለሁለቱም በጋራ ይቆጠር፣ አንዱ ሲሠራም ሁለቱም ይቃጠሉ። ዕድሉ በእጥፍ ጨመረ ቢባል ከ100,000 አንድ ነው። ቁልፉ ራሱ ለ60 ሰከንድ ይዘጋ፤ የቀረውን ሰከንድ እየቆጠረ ያሳይ፤ ያለዚያ ሰው አምስቴ ይጫነዋል።

ኤስኤምኤሱ

መጀመሪያ ቁጥሩን አስተካክሉ። አንድ ሰው በ09 ጀምሮ፣ በ9 ጀምሮ፣ በ251 ወይም በ+251 ጀምሮ፣ በመካከሉ ክፍት ቦታ ወይም ሰረዝ ጨምሮ ይጽፋል። ሁሉም ወደ +251 እና 9 አሃዝ ይለወጥ፤ ቆጣሪውም የሚቆጥረው የተስተካከለውን ነው። ሳይስተካከል ከተቆጠረ አጥቂው አንዱን ቁጥር በአራት መልክ እየጻፈ አራት እጥፍ ገደብ ያገኛል። በ09 የሚጀምር ብቻ የሚቀበል አሮጌ መፈተሻ ካላችሁ ደግሞ ቀይሩት፤ ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምሩትም አሉ።

መልእክቱ በአማርኛ ሲሆን ርዝመቱን ቁጠሩ። በላቲን ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ 160 ፊደል ይይዛል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ከገባበት ግን ሙሉው መልእክት በሌላ ኮድ ስለሚጻፍ 70 ብቻ ይሆናል። ከ70 ካለፈ ለእያንዳንዱ 67 እየሆነ ይከፈላል፤ 71 ፊደል የሁለት ኤስኤምኤስ ዋጋ ነው። «ውድ ደንበኛችን፣ ወደ አገልግሎታችን ለመግባት የጠየቁት...» ብሎ የሚጀምር መልእክት ኮዱ ጋ ሳይደርስ ግማሹን ጨርሷል። ይህ ይበቃል፦

«የመግቢያ ኮድዎ 042917 ነው። ለ10 ደቂቃ ያገለግላል። ለማንም አይስጡ።»

ይህ ከነክፍት ቦታው 47 ፊደል ነው፤ ለድርጅታችሁ ስም 23 ይተርፋል። ወይም በ23ቱ ውስጥ ስልኩ ኮዱን በራሱ እንዲሞላ የሚያደርገውን መስመር ማስገባት ትችላላችሁ፤ በመጨረሻው መስመር ላይ የ@ ምልክትና ዶሜይናችሁ፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ የ# ምልክትና ኮዱ። አይፎንም የአንድሮይድ ክሮምም ይህን ያውቁታል፤ ኮዱንም ለዚያ ዶሜይን ብቻ እንዲሞላ ያቀርባሉ። ሲደመር ለዶሜይናችሁ ስም 13 ፊደል ነው የሚቀረው፤ ስማችሁ ከዚያ ከረዘመ ከሌላው ላይ ቀንሱ።

«እስከ 8:15 ያገለግላል» ብላችሁ ሰዓት አትጻፉ። ሰርቨሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ያስባል፣ አንባቢው በእኛ፤ በመካከላቸው 6 ሰዓት አለ። ዋሽንግተን ያለው ደንበኛ ደግሞ ሦስተኛ ሰዓት አለው። «ለ10 ደቂቃ» ለሁሉም አንድ ነው።

ለኤስኤምኤስ አቅራቢው መልእክቱን ስትሰጡ የሚቆይበትን ጊዜ አብራችሁ ንገሩት፤ ከኮዱ ዕድሜ እኩል ይሁን። ካልተነገረው ስልኩ ጠፍቶ ያደረ ሰው ጠዋት ሲያበራ ትናንት ያስላካቸው ኮዶች በሙሉ ይደርሱታል፤ ያንን አይቶ አካውንቴ ተሰብሯል ብሎ ይደውላል። በእናንተም ወረፋ ላይ 2 ደቂቃ ያለፈው መልእክት አይላክ፤ ወረፋው 9 ደቂቃ ቆሞ ሲለቀቅ የሚሄደው አንድ ደቂቃ የቀረው ኮድ ነው።

የምትልኩባቸውን አገሮች በዝርዝር ያዙ። ደንበኞቻችሁ ኢትዮጵያ፣ አሜሪካ፣ ኤምሬትስና ሳዑዲ ካሉ የሚፈቀዱት +251፣ +1፣ +971 እና +966 ናቸው፤ ሌላው በጥያቄ ይጨመር። ያልተዘጋ ፎርም ያገኙ አጭበርባሪዎች ውድ ወደሆኑ የውጭ ቁጥሮች በሺህ የሚቆጠር ኮድ ያስልካሉ፤ ከክፍያው ድርሻ የሚያገኙት እነሱ ናቸው፣ ሒሳቡ የሚመጣው ለእናንተ ነው። የቀን ጣሪያ አድርጉ፤ ከተላኩት ውስጥ ስንቱ ወደ መግባት እንደደረሱም ተከታተሉ። የተላከው ኮድ ቁጥር እየጨመረ የገባው ሰው ቁጥር ባለበት ከቆመ የሆነ ነገር አለ። ይኸው መለኪያ ሌላውንም ይይዛል፤ አንዱን አካውንት ትቶ በብዙ ሺህ አካውንት ላይ አንድ አንድ ጊዜ የሚገምተውን።

የቁጥሩ ባለቤት ይኑር አይኑር የሚመለሰው መልስ አንድ ይሁን፦ «ቁጥሩ ከተመዘገበ ኮድ ይደርስዎታል።» የሚወስደው ጊዜም አንድ ይሁን። ላለው ብቻ አቅራቢውን እየጠበቃችሁ ከሆነ የ2 ሰከንዱ መዘግየት ሁሉን ይናገራል፤ መላኩን ለወረፋ ስጡት።

ገንዘብ ለሚንቀሳቀስበት ነገር ኤስኤምኤስን ብቻውን አትመኑ። ሲም በሌላ ሰው ስም ይወጣል፣ የተተወ ቁጥር ለሌላ ይሸጣል፣ ሰውም በስልክ ተታሎ ኮዱን ይናገራል። ለዚያ ፓስኪ (በመሣሪያው የሚያዝ የመግቢያ ቁልፍ) ወይም ቢያንስ በየ30 ሰከንዱ ኮድ የሚያወጣ መተግበሪያ ተጨማሪ ይሁን።

ፎርሙ

አንድ መስክ ይበቃል። ስድስት ትንንሽ ሳጥኖች ያምራሉ፤ ግን መለጠፍን፣ ራሱ የሚሞላውን ኮድና ለዓይነ ስውራን የሚያነበውን ፕሮግራም ያደናቅፋሉ። የመስኩ ዓይነት ቴክስት ይሁን፤ ነምበር ከሆነ ከፊት ያለውን ዜሮ የማጣት አደጋ አለው። የቁጥር ሰሌዳ እንዲመጣ ኢንፑት ሞድ ላይ ኑሜሪክ፣ ኮዱ እንዲቀርብለት አውቶ ኮምፕሊት ላይ ዋን ታይም ኮድ የሚለውን ስጡ።

ርዝመቱን በ6 አትገድቡት። «042 917» ብሎ ከክፍት ቦታው ጋር የለጠፈ ሰው የመጨረሻው አሃዝ ይቆረጥበታል። ወደ 12 ከፍ አድርጉና ክፍት ቦታና ሰረዙን ሰርቨሩ ያውልቅ። በገልፍ አገሮች ባለ የአረብኛ ኪቦርድ የተጻፈ የአረብ አሃዝም እዚያው ወደ ተለመደው ይለወጥ፤ ሁለት የፕሮግራም መስመር ነው።

የቀረውን ጊዜ የምታሳዩ ከሆነ ሰርቨሩ «ይህን ያህል ሰከንድ ቀርቷል» ብሎ ይንገር፤ የስልኩ ሰዓት የተዛባ ሊሆን ይችላል። ስህተት ሲኖር «ኮዱ ትክክል አይደለም» እና «ጊዜው አልፏል፣ አዲስ ይጠይቁ» የተለያዩ መልእክቶች ይሁኑ። ሁለቱን አንድ አድርጎ መደበቅ አጥቂውን ምንም አይጎዳውም፤ ተጠቃሚው ግን ያለፈበትን ኮድ ደጋግሞ ይጽፋል።

ኢሜይል ከሆነ

አብዛኛው ያው ነው። ኮዱን በርዕሱ ላይ አድርጉት፤ ተጠቃሚው ሳይከፍት ከማሳወቂያው ላይ ያነበዋል። ርዕሱ ሁልጊዜ አንድ ከሆነ ጂሜይል ደብዳቤዎቹን አንድ ላይ ይደራርባቸውና ሰው አሮጌውን ይከፍታል፤ ኮዱ በርዕሱ ሲኖር ይህም ይቀራል። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የሚባሉት የላኪ ማረጋገጫዎች ካልተስተካከሉለት ዶሜይን የመጣ ኮዱ ስፓም ውስጥ ይወድቃል። አንዳንድ የመሥሪያ ቤት ሰርቨሮች የማያውቁትን ላኪ መጀመሪያ መልሰው ከደቂቃዎች በኋላ ስለሚቀበሉ የኢሜይል ኮድ ዕድሜን ከ10 ደቂቃ አታሳጥሩ። በኮድ ፈንታ የሚጫኑት ሊንክ መላክ ካማራችሁ፣ ደብዳቤውን የሚፈትሹ ፕሮግራሞች ሊንኩን ቀድመው ከፍተው ሊያቃጥሉት እንደሚችሉ አስቡ፤ ኮድ ይህ ችግር የለበትም።

ውጭ ላሉ ደንበኞች ኢሜይል ከኤስኤምኤስ ይሻላል፤ የአገር ቤት ሲሙ ሮሚንግ ያልተከፈተለት ሰው በስልኩ ምንም አይደርሰውም።

ከመልቀቃችሁ በፊት የሚሞከር

50 የተሳሳተ ኮድ በአንድ ጊዜ ላኩ፤ የተመረመሩት 5 ብቻ መሆናቸውን ከቴብሉ አረጋግጡ። ይህን በገንቢው ላፕቶፕ ላይ በአንድ ፕሮሰስ ብትሞክሩት ብልሽት ቢኖርም ሊያልፍ ይችላል፤ ቢያንስ ሁለት ፕሮሰስና እውነተኛው ዳታቤዝ ይኑሩ። ትክክለኛውን ኮድ በሁለት ሪኩዌስት እኩል ላኩ፤ የሚፈጠረው ሴሽን አንድ ነው። 000417 የመሰለ ኮድ አስወጥታችሁ ግቡበት። ሰዓቱን በሰው ሠራሽ እያራመዳችሁ 9 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ እንደሚያስገባ፣ 10 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ ላይ እንደማያስገባ እዩ። ለዚህ ሙከራ ሲባል አሁን ያለው ሰዓት ለዳታቤዙ ትዕዛዝ ከውጭ የሚሰጥ ቢሆን ይቀላል፤ በዋናው ሰርቨር ላይ ግን የዳታቤዙ ሰዓት ይሁን። 5 ተሳስታችሁ አዲስ ኮድ አስልኩ፤ የአካውንት ቆጣሪው 5 ላይ እንዳለ መቆየት አለበት።

ለሙከራ ተብሎ ሁልጊዜ የሚሠራ 123456 ወይም 000000 ካስቀመጣችሁ፣ በዋናው ሰርቨር ላይ ይህ ኮድ በርቶ ከተገኘ መተግበሪያው ከነጭራሹ እንዳይነሳ አድርጉ። የአፕ ስቶር መርማሪዎች ቋሚ ኮድ ሲጠይቁ ለአንድ ባዶ አካውንት ብቻ ስጡ፤ ምርመራው ሲያልቅም አካውንቱን ዝጉት።